ሰው አለ ይላል፣ ማን እንደሆነ ግን አይልም

በአንድ እጅ የምትያዝ ሳጥን ነገር ናት። ወታደሩ ግድግዳው ላይ ለጠፍ ያደርጋታል፣ ቁልፏን ይጫናል፣ ከዚያ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። ትንሿ ስክሪን ላይ ቁጥር ብቅ ይላል። ፊት አይታይም። የሰው ቅርጽም አይታይም። መልእክቱ አጭር ነው፦ ከግድግዳው ወዲያ፣ በዚህን ያህል ርቀት ላይ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።

«ግድግዳ አሳልፎ የሚያይ መሣሪያ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ፊልም ላይ ያየነው ነው። መነጽር ይደረጋል፣ ግድግዳው እንደ መስታወት ይሆናል፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከነጠመንጃቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው ራዳር ነው፤ ያውም ብዙ የሚቸገር ራዳር። አሠራሩ ግን ከፊልሙ ይልቅ ይገርማልና ቀስ ብለን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ወታደሮች ይህን ነገር ለምን አጥብቀው እንደፈለጉት ለመረዳት በር ላይ መቆም ይበቃል። ሜዳ ላይ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ከተማ ውስጥ ግን ውጊያው ክፍል በክፍል ነው። በር ጠባብ ነው። የሚገባው ሰው የውጪው ብርሃን ከጀርባው ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል። ውስጥ ያለው ደግሞ ጥግ ይዞ፣ አፈሙዙን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃል። በኖቬምበር 2004 የአሜሪካ ማሪኖች የኢራቋን ፋሉጃ ቤት ለቤት ሲያስሱ፣ ከእያንዳንዱ በር ወዲያ የሚጠብቃቸው ባዶ ክፍል ይሁን ተኳሽ አያውቁም ነበር።

በኤፕሪል 2002 ደግሞ የእስራኤል ወታደሮች ናብሉስ በምትባል የፍልስጤም ከተማ ውስጥ በሩንም መንገዱንም ትተው፣ የቤቶቹን ግድግዳ እየበሱ ከሳሎን ወደ ሳሎን ተሻገሩ። በሩ ላይ ከሚጠብቃቸው ወጥመድ ሸሹ። ጥያቄው ግን አብሯቸው ተሻገረ፦ ከሚቀጥለው ግድግዳ ወዲያ ያለው ማነው? ብዙ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ቤተሰብ ነበር።

«የሙቀት ካሜራ አለ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን ግድግዳ አያልፍም። እሱ የሚያነበው የግድግዳውን የላይ ሙቀት ብቻ ነው። ግድግዳው ስስ ሆኖ፣ ሰውየውም ለረጅም ጊዜ ተደግፎት ከቆየ ትንሽ ጥላ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በቀር ብሎኬት ለሙቀት ካሜራም ብሎኬት ነው። መስታወት እንኳ ይከለክለዋል። በሙቀት ካሜራ መስኮት ብትመለከቱ የሚታያችሁ ከውስጥ ያለው ሰው ሳይሆን የራሳችሁ ነጸብራቅ ነው።

ግድግዳ የሚያልፈው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይህን በየቤታችን እናውቀዋለን፤ ሳሎን የተተከለው ዋይፋይ መኝታ ቤት ድረስ ይመጣል። ራዳር በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የገደል ማሚቶን ማዳመጥ ነው። ገደል አፋፍ ቆማችሁ ብትጣሩ፣ ድምፃችሁ ተመልሶ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ ማዶው ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራችኋል። ራዳርም እንዲሁ ሞገድ ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ጊዜውን ይቆጥራል።

የሚለየው ፍጥነቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ስድስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ጋ ደርሶ ለመመለስ 40 ናኖ ሰከንድ ይበቃዋል። አንዱ ሰው ከሌላው ግማሽ ሜትር ወደኋላ ቢቆም፣ የሁለቱ ማሚቶዎች የሚለያዩት በሦስት ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ይህችን ልዩነት ለመያዝ መሣሪያው ወይ እጅግ አጭር ምት መላክ፣ ወይ ደግሞ የሞገዱን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ደረጃ በደረጃ እየቀያየረ ሰፊ የሞገድ ክልል መሸፈን አለበት። ክልሉ በሰፋ ቁጥር ርቀትን የመለየት አቅሙ ይጨምራል። 1.5 ጊጋ ኸርዝ ስፋት ካገኘ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ነገሮችን ይለያል።

እስካሁን ቀላል ይመስላል። አበሳው የሚጀምረው ግድግዳው ላይ ነው።

በ2011 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ግሪጎሪ ቻርቫትና ጆን ፒቦዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ወዲያ የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን በቪዲዮ መልክ የሚያሳይ ራዳር ሠርተው አሳዩ። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የገረመኝ ሂሳቡ ነው። ግድግዳው ከተላከው ምልክት 99 በመቶውን ያስቀረዋል። አልፎ የገባችው አንድ በመቶ ሰው ላይ ነጥራ ስትመለስ ያው ግድግዳ እንደገና ይጠብቃታል። በስተመጨረሻ አንቴናው ጋ የሚደርሰው ከመነሻው 0.0025 በመቶ ብቻ ነው። መቶ ሺህ ብር ልካችሁ ሁለት ብር ከሃምሳ ሲመለስላችሁ ማለት ነው። ከዚያች ሁለት ብር ከሃምሳ ነው እንግዲህ ሰው የሚፈለገው።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚመለሰው የግድግዳው የራሱ ማሚቶ ነው። ግድግዳው አንቴናው ጆሮ ሥር ይጮሃል፤ ሰውየው ከማዶ ያንሾካሹካል። ጩኸቱን አጣርተው ሹክሹክታውን ብቻ ማስቀረት ከቻርቫትና ፒቦዲ ትልልቅ ፈተናዎች አንዱ ነበር።

ግድግዳ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ጣውላና ጂፕሰም ለሬዲዮ ሞገድ እንደ መጋረጃ ናቸው። ጡብና ብሎኬት ይከብዳሉ፣ ግን ያሳልፋሉ። የጭቃ ቤት ደረቅ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም፤ ዝናብ ካራሰው ግን ውሃው ሞገዱን ይጠጣዋል። አርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ጥቅጥቅ ብሎ ከታሰረ መረብ ይሆናል፤ ረዥም ሞገድ አይሾልክበትም። ቆርቆሮ ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው። ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ ኔትወርክ እምቢ ሲላችሁ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ወደ መጣበት ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም። በሺዎች ዶላር የሚገዛን መሣሪያ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል።

እሺ፣ ሞገዱ አለፈ፣ ማሚቶውም መጣ እንበል። ለምን ምስል አይሰጥም?

ምክንያቱ የሞገዱ ርዝመት ነው። ግድግዳ በደንብ የሚያልፉት ሞገዶች አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይረዝማሉ። ራዳር ግራና ቀኝን የሚለየው ደግሞ አንቴናው ከሞገዱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሰፊ ነው በሚለው ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእጅ መሣሪያ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ሲሠራ፣ አሥር ሜትር ርቀት ላይ ጨረሩ አምስት ሜትር ያህል ተዘርግቷል። አምስት ሜትር ማለት ክፍሉ በሙሉ ነው። ስለዚህ የእጅ መሣሪያው «ሰባት ሜትር ላይ አለ» ሊል ይችላል፤ «በግራ በኩል፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ» ለማለት ግን አቅም የለውም።

የኤም.አይ.ቲ.ው ራዳር አንቴናዎች ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማሉ፤ 13 ማስተላለፊያና 8 መቀበያ ተደርድረውበታል። ይህን የሚያህል ነገር መኪና ይጭነዋል እንጂ ወታደር አይሸከመውም። በሰከንድ 10.8 ምስል ያወጣል። በዚያም ላይ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ ተንቀሳቃሽ ጠብታ ነው። እጅ የለው፣ ፊት የለው።

ሞገዱን ቢያሳጥሩትስ? ምስሉ ይጠራል፤ ያኔ ግን ግድግዳው አያሳልፈውም። መሐንዲሶቹ ስንት ዓመት ሲታገሉ የኖሩት ከዚሁ ጋር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ። ክፍል ውስጥ ሶፋ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ፍሪጅ አለ። ሁሉም ማሚቶ ይሰጣሉ። ሰውን ከሶፋ የሚለየው መንቀሳቀሱ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የአሁኑን ማሚቶ ከቀደመው ይቀንሰዋል። ያልተለወጠው ሁሉ ይጠፋል፤ የቀረው የተነቃነቀ ነገር ነው። የሚራመድ ሰው በዚህ መንገድ በቀላሉ ይያዛል።

ዝም ብሎ የተደበቀስ? እሱም ይተነፍሳል። ስንተነፍስ ደረታችን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ገባ ይላል። ደረት አምስት ሚሊ ሜትር ወደፊት ቢመጣ፣ ሞገዱ ደርሶ ሲመለስ መንገዱ በአሥር ሚሊ ሜትር ያጥርለታል። ይህ የ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ አንድ አሥረኛ ነው። ለዓይን ምንም ነው፤ ለራዳር ግን በቂ ነው። አንድ ሰው ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ አንዱ ትንፋሽ ሦስት አራት ሰከንድ ይወስዳል። ወታደሩ ግድግዳው ሥር ሰከንዶች የሚቆጥረው ለዚህ ነው፤ መሣሪያው የማያውቀው ሰው እስኪተነፍስ እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ጣጣ አለ። መሣሪያው ሚሊ ሜትር የሚቆጥር ከሆነ፣ የያዘው እጅ ሲንቀጠቀጥ ክፍሉ በሙሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ ተጭኖ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም። ሃምሳ ሜትር ሮጦ፣ ከነትጥቁ ግድግዳ ሥር የወደቀ፣ ልቡ እንደ ከበሮ የሚመታ ወታደር ግን እጁን እንዴት ያረጋል? ከጀርባው የሚንቀሳቀሱ ጓደኞቹም ንባቡን ሊያበላሹት ይችላሉ። ውስጥ ደግሞ የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ፣ የቤት ድመት አለ። ሞገዱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲነጥር፣ አንዱ ሰው ሁለት ቦታ የቆመ ሊመስልም ይችላል።

መሣሪያዎቹ በእርግጥ ተሻሽለዋል። በ2006 መጀመሪያ የአሜሪካው የመከላከያ ምርምር ድርጅት ዳርፓ «ራዳር ስኮፕ» የሚባል መሣሪያ ለኢራቅ ዘማቾች እያዘጋጀ እንደሆነ አስታወቀ። ክብደቱ 700 ግራም አይሞላም፤ በተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት አልፎ እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ዋጋውም አንድ ሺህ ዶላር አካባቢ እንደሚሆን ተነገረ። ኤል-3 የተባለው ኩባንያ «ሬንጅ-አር»ን አመጣ፤ መግቢያው ላይ የገለጽኳት ዓይነት ናት፣ ዋጋዋ በ2015 ወደ ስድስት ሺህ ዶላር ነበር። እስራኤል ውስጥ ካሜሮ የሚባል ኩባንያ «ዛቨር» በሚል ስም ከእጅ መሣሪያ እስከ ትልልቅ ባለ ስክሪን ድረስ ይሠራል። በ2022 ያወጣው ዛቨር 1000 ከ40 ሜትር በላይ እንደሚደርስ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዘም ሰው መቀመጡን፣ መቆሙን ወይም መተኛቱን እንደሚለይ ኩባንያው ይናገራል።

ይሁን። ሁለት ጠብታ ታየ እንበል፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ወለል ላይ ተኝቷል። ጠባቂና ታጋች ናቸው? እናትና የታመመ ልጇ? ተኳሽና ጥይት አቀባዩ? ራዳሩ ጠመንጃውን ከመጥረጊያ እንጨት አይለይም። ቋንቋ አይሰማም፣ ልብስ አያይም። ፍርሃትንም አያነብም። ባዶ ማለቱም ቢሆን ሙሉ እምነት አይጣልበትም፤ ከፍሪጅ ጀርባ ያለን ሰው ብረቱ ይሸፍነዋል። በእኔ ግምት «አለ» ሲል ልትሰሙት ይገባል፤ «የለም» ሲል ግን ጠርጥሩት።

ትልቁ አደጋ ከመሣሪያው ይልቅ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጥይት በሚዘንብበት ሰዓት «ሰው አለ» የሚለው ንባብ ሳይታወቅ «ጠላት አለ» ይሆናል። ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በሜትር አይለካም። የ1977ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 50 ነገሩን በቀጥታ ይነካዋል፤ አንድ ሰው ሲቪል መሆኑ ካጠራጠረ እንደ ሲቪል ይቆጠራል። ጠብታ ደግሞ ከአጠራጣሪም አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በጥንቃቄ ለመግባት፣ በሌላ በኩል ለመዞር፣ በድምፅ ማጉያ ጠርቶ ለማስወጣት ይረዳል። ግድግዳውን አልፎ ለመተኮስ ፈቃድ አይሆንም።

ለጦር የተሠራ ነገር ብዙ ጊዜ ፖሊስ ጋ ይደርሳል። ይህም ደርሷል። በጃንዋሪ 2015 ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ ቢያንስ 50 የሚሆኑ የአሜሪካ ሕግ አስከባሪ ተቋማት እንዲህ ያሉ ራዳሮች ነበሯቸው፤ ኤፍ.ቢ.አይ. እና የማርሻሎች አገልግሎት ጭምር። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ይህ የእናንተም ሳሎን ጉዳይ ነው።

ሕጉ መንገድ የጀመረው በሙቀት ካሜራ ነበር። በ1992 ፖሊሶች በኦሪገን ግዛት፣ ፍሎረንስ ከተማ፣ ማሪዋና ይበቀልበታል ብለው የጠረጠሩትን ቤት ከመንገድ ላይ በሙቀት ካሜራ አዩት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2001፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ያለ ብርበራ ትዕዛዝ የቤትን ውስጥ እንዲህ መመልከት አይቻልም ተባለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ግድግዳ የሚያልፍ ራዳር እየተሠራ መሆኑን ያኔውኑ አንስተው ነበር።

ራዳሩ ራሱ ፍርድ ቤት የቀረበው በካንሳስ ግዛት፣ ዊቺታ ከተማ በተነሳ ጉዳይ ነው። ፖሊሶች በእጃቸው የእስር ማዘዣ ይዘው አንድ ተፈላጊ ፍለጋ ይሄዳሉ። ቤቱ ጭር ብሏል። የመብራት ቆጣሪው ግን ይሽከረከራል። ራዳሩን ሲያስጠጉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው እንዳለ ይነግራቸዋል። ገቡ፤ ሰውየውን ውስጥ አገኙት። በዲሴምበር 2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መግባታቸውን አጸደቀ። ያጸደቀው ግን በራዳሩ ምክንያት አልነበረም፤ ቆጣሪውን ጨምሮ ሌሎቹ ፍንጮች ብቻቸውን በቂ ናቸው ብሎ ነው። ውሳኔውን የጻፉት፣ ኋላ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወጡት ኒል ጎርሰች፣ ያለ ትዕዛዝ በዚህ መሣሪያ ቤት መፈተሽ ከባድ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ እንደሚያስነሳ ጽፈው አለፉ። የተራ ቆጣሪ መሽከርከር ከስድስት ሺህ ዶላሩ ራዳር ይልቅ ፍርድ ቤት ፊት ሚዛን መድፋቱ ፈገግ ያሰኛል።

ይኸው ብልሃት ያለ ምንም ክርክር የሠራበት ቦታም አለ። ናሳ ከአሜሪካ የሀገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጋር «ፋይንደር» የሚባል ራዳር ሠርቷል። ሻንጣ ያህላል፤ በፍርስራሽ ሥር ያለን ሰው በትንፋሹና በልብ ምቱ ይፈልጋል። የዛፍ ውዝዋዜንና የእንስሳትን እንቅስቃሴ ለይቶ የሚጥል ስሌት ተሰጥቶታል። በኤፕሪል 25 ቀን 2015 ኔፓልን ርዕደ መሬት ሲመታት ሁለት ናሙናዎች ተይዘው ተሄደ።

ቻውታራ በምትባል መንደር ሁለት ሕንፃዎች ፈራርሰዋል። ከላይ የጡብና የጭቃ ክምር፣ በአንዳንድ ቦታ ሦስት ሜትር የሚደርስ። ራዳሩ ከክምሩ ፊት ተቀመጠ፣ ሰዎቹ ራቅ ብለው ዝም አሉ፣ ተጠበቀ። ሁለት ቦታ ላይ የልብ ምት አገኘ። ቆፋሪዎቹ ከሥር ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ መቆፈር ጀመሩ። አራት ወንዶች ከነሕይወታቸው ወጡ።